የፊደል ሳጥኑ የት ሄደ?

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ብዙም የማይርቅ አንድ ትንሽ ንባብ ቤት አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። ከመስኮቱ ወዲያ ደንገሉ ይታያል። አንዳንድ ጠዋት ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፋል። ከመስኮቱ ወዲህ ደግሞ 8 ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። ራማቸው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው።

ሲመጡ የነበረባቸው ሲስተም በጣም ከብዷቸው ነበር። አንዱን ካበሩት በኋላ ተማሪው ደብተሩን አውጥቶ ሌላ የቤት ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩባቸው። ዴስክቶፑን፣ ማለትም ሲበራ የሚታየውን ገጽታ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን አደረግኩት፤ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው። ኮምፒውተሮቹ ነፍስ ዘሩ። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መጣች። የቡድን ሥራ ልትጽፍ ነው። ከኋላዋ መጽሐፍ እያስተካከልኩ ነበርና ስክሪኑ ይታየኛል። ሜኑውን፣ የፕሮግራሞቹን ስም ዝርዝር፣ ከፈተች። ማውሱን ወደ ታች ወሰደችው። ቆመች። ትንሽ ወረደች፣ እንደገና ቆመች። ዘጋችው። ከፈተችው። ከዚያ አንዱን ነካችና ነጭ ገጽ ወጣላት። መጻፍ ጀመረች። እኔም እፎይ ብዬ ወደ መደርደሪያዬ ዞርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ርዕሱን እንዴት ነው የማደምቀው?»

አየሁት። አንድ ገጽ ተኩል ጽፋለች። የጻፈችው ግን ማውስፓድ ላይ ነው። ማውስፓድ ተራ ጽሑፍ ማስተካከያ ነው። ማድመቅ የለውም፣ ሰንጠረዥ የለውም፣ ገጽ ቁጥር የለውም። የምትፈልገው ሊብሬኦፊስ ራይተር ነበር። እሱም እዚያው ሜኑ ውስጥ አለ፤ ከብዙ ስሞች መካከል ተሸጉጦ። ጽሑፉን ገልብጠን ወደ ራይተር ወሰድነው፣ ችግሩም አለቀ። እሷ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ያቺ ልጅ ያን ያህል ጊዜ ማውሱን ይዛ የቆመችው ኮምፒውተር ስለማትችል አልነበረም። እኔ ያቀረብኩላት ነገር ነው ያደናገራት።

የዚያን ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ቁጭ ብዬ ሜኑውን ቆጠርኩ። 83 ስም አገኘሁ።

ውስጡ ምን አለ? የታይላንድን ቋንቋ ለመጻፍ የተሠራ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ አለ። ሞዝክ የሚባል የጃፓንኛ መጻፊያ አለ። የጫንኩት ሲስተም በአንድ ፍላሽ ለዓለም ሁሉ እንዲሆን የተዘጋጀ ስለነበር የብዙ አገር ቋንቋ መሣሪያ ይዞ ነው የመጣው። ኤክስተርም አለ፣ ዩኤክስተርም አለ፤ ሁለቱም የትእዛዝ መስኮት ናቸው። ኢሜጅማጂክ የሚለው ከጎኑ «ከለር ዴፕዝ ኪው 16» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ተቀምጧል። ይህን አንብቦ ምን እንደሆነ የሚገምት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ። ሊብሬኦፊስ ለብቻው 7 ቦታ ይዟል፦ መነሻው፣ ራይተር፣ ካልክ፣ ኢምፕሬስ፣ ድሮው፣ ቤዝ፣ ማዝ። በዚህ ላይ ሌላ ዴስክቶፕ ልሞክር ብዬ ጭኜ ስለነበር ፋይል መክፈቻው ሁለት፣ ሴቲንጉም ሁለት ሆኗል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ትንሽ ልናገር። ነገሩን ካላወቁት ማጽዳቱም አይሳካም።

ሊኑክስ ላይ ሜኑ ማለት አንድ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ ዝርዝር አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲጫን አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይዞ ይመጣል። የፋይሏ ስም መጨረሻ «ነጥብ ዴስክቶፕ» ነው። ውስጧ የፕሮግራሙ ስም፣ አይከኑ፣ የሚነሳበት ትእዛዝና የሚመደብበት ክፍል ተጽፏል። ሜኑው እነዚህን ፋይሎች ለቃቅሞ ያሳያል። በድሮ ጊዜ ኬዲኢና ጂኖም የሚባሉት ዴስክቶፖች የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሃቮክ ፔኒንግተን ፍሪዴስክቶፕ የሚባለውን የጋራ መድረክ ጀመረ። እዚያ የተስማሙባቸው ደንቦች ናቸው አንድ ፋይል በሁሉም ዴስክቶፕ ላይ እንዲሠራ ያደረጉት። ለፕሮግራም ሠሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ለአንዱ ዴስክቶፕ የተሠራው ሁሉ ሌላውም ላይ ብቅ ይላል ማለት ነው። «እዚህ ብቻ ታይ» የሚል መስመር ፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ በቀር።

እንግዲህ ማጽዳት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሜኑሊብሬ በሚባል የሜኑ ማስተካከያ ነው። በራሴ አካውንት ገብቼ አንድ በአንድ ደበቅኩ። አማረ። ከዚያ በተማሪዎቹ አካውንት ስገባ 83ቱም በቦታቸው ናቸው። ማስተካከያው የሚጽፈው በገባው ሰው ሆም ፎልደር፣ ማለትም በግል ፎልደሩ፣ ውስጥ ብቻ ነው። ለግል ላፕቶፕ ይበቃል፤ ለጋራ ኮምፒውተር አይሆንም።

ቀጥሎ በአስተዳዳሪ ፓስወርድ ገብቼ ዋናዎቹን ፋይሎች ነካሁ። የሚገኙት ዩኤስአር፣ ቀጥሎ ሼር፣ ቀጥሎ አፕሊኬሽንስ የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። በየፋይሉ ውስጥ «ኖዲስፕሌይ» የሚል መስመር ጨምሬ «ትሩ» አልኩት። አትታይ ማለት ነው። 8ቱም ላይ እንዲሁ አደረግኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አሁን ማን በየትኛው አካውንት ቢገባ አጭር ሜኑ ያገኛል። ከ83 ወደ 21 ወረደ።

ይህ ሁሉ የሆነው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራት ቆየ። እኛ ደግሞ የምንጠቀመው የስልክ ዳታ ነበር። ስለዚህ ኢሜይል መክፈቻው፣ ሶፍትዌር ማውረጃው፣ መሰል ነገሮች ሁሉ ሲነኩ ስህተት ብቻ ነበር የሚያወጡት። እነሱንም ደበቅኳቸው። ኪዊክስን ግን ከላይ አስቀመጥኩት። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው። አስቀድሜ አውርጄው ነበርና በነዚያ ወራት ንባብ ቤቱ ውስጥ በጣም ከተከፈቱት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር። ለወራት ሜኑው ንቅንቅ አላለም። በደንብ የሠራሁት መሰለኝ።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። በደስታ 8ቱንም አፕዴት አደረግኩ። አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ሲያልቅ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሜኑ ከፈትኩ።

ኢሜጅማጂክ ከነቅጽል ስሙ ተመልሷል። ሁለተኛው ፋይል መክፈቻ ተመልሷል። ከደበቅኳቸው ብዙዎቹ እንደ ድሯቸው ተደርድረዋል። ልቤ ዝቅ አለ።

እምቦጭ ትዝ አለኝ። የጣና ሰው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። አረሙ ሐይቁ ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰው በእጁ ነቀለው። እኔም አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በደምቢያ በኩል ለዘመቻ ሄጄ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነቅያለሁ። ማታ ስናየው ዳሩ ንጹሕ ነበር። አጠገቤ ሲነቅሉ የዋሉ ገበሬ ግን አልተደሰቱም። «ዘሩ ጭቃው ውስጥ ነው ልጄ፤ ይኸ ላዩ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

እኔም ላዩን ነበር የነቀልኩት። ያ ዋናው ፎልደር የሲስተሙ ነው። አንድ ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር ፋይሉን በአዲስ ይተካዋል። የኔ መስመር አብሮ ይጠፋል። ለወራት የቆየው በደንብ ስለሠራሁት አልነበረም፤ አፕዴት ስላልነበረ ነው።

መፍትሔው ከቦታው ላይ ነው። ሲስተሙ የሜኑ ፋይሎችን የሚፈልገው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጠቃሚውን የራሱን ሆም ፎልደር ያያል። ቀጥሎ ዩኤስአር፣ ሎካል፣ ሼር፣ አፕሊኬሽንስ የሚለውን ያያል። በመጨረሻ ሎካል የሚል ቃል የሌለበትን ያን ዋና ፎልደር። አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋይል ሁለት ቦታ ካገኘ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል፣ የኋለኛውን ይተወዋል። «ሎካል» የሚባለው ደግሞ ለማሽኑ አስተዳዳሪ የተተወ ቦታ ነው። አፕዴት አይነካውም።

ስለዚህ የምደብቀውን ፋይል ወደ ሎካሉ ቀዳሁ። ስሙን ሳልለውጥ። ቅጂው ላይ ኖዲስፕሌይ ጨመርኩ። ዋናውን ተውኩት፤ እንደፈለገ ይታደስ። የተቀዳውን ስሰርዝ ደግሞ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። አንዱን ኮምፒውተር ከጨረስኩ በኋላ ፎልደሩን በፍላሽ ይዤ ወደ ሰባቱ ገለበጥኩት። ሁለት ቅዳሜ የፈጀው ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት አፕዴት አለፈ፤ ሜኑው እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሌላ ሰው እኔ የወደቅኩበት እንዳይወድቅ። ኖዲስፕሌይ የሚመስል ሌላ መስመር አለ፣ «ሂድን» ይባላል። የተደበቀ ማለት ነው። ቃሉ ይበልጥ ግልጽ መስሎኝ ጥቂት ፋይሎች ላይ እሱን ተጠቀምኩ። ከነሱ አንዱ የፒዲኤፍ ማንበቢያው ነበር። ማንም ከሜኑ አይከፍተውም፣ ሁሉም ፋይሉን ዳብል ክሊክ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ሜኑው ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

በማግስቱ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፉን በፍላሽ ይዞ መጣ። ዳብል ክሊክ አደረገ። ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ቆይቶ ቆይቶ መጽሐፉ ሊብሬኦፊስ ድሮው ላይ ተከፈተ። የሥዕል መሥሪያው ላይ! ፊደሎቹ ተዛንፈዋል፣ ሥዕሎቹ ከቦታቸው ወጥተዋል። ልጁ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ደነገጠ። ከጓደኛው ለምኖ ያገኘው ነበር። ፈተናው እየደረሰ ነው። ያን ፊቱን አልረሳውም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ኖዲስፕሌይ ማለት «ፕሮግራሙ አለ፣ ሜኑ ላይ ግን አታሳየው» ነው። ፋይል ሲነካ ይከፍታል፣ ሥራውን ይሠራል። ሂድን ማለት ግን «እንደሌለ ቁጠረው» ነው። ሲስተሙ ፒዲኤፍ የሚከፍት ሌላ ሲፈልግ ድሮውን አገኘ። መስመሩን ቀየርኩት፣ መጽሐፉ ተከፈተ፣ ልጁም ማንበብ ቀጠለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ከመቀየሬ በፊት ትርጉሙን አንብቤ ነው። በግል ኮምፒውተሬ ላይ ቢሆን ስቼ እማር ነበር። በጋራ ኮምፒውተር ላይ የኔን ስህተት የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

አንዳንዱ «ለምን ጭራሽ አታጠፋውም?» ይለኛል። ቦታ ለመቆጠብ ከሆነ አንዳንዱን ማጥፋት ይቻላል። የታይላንዱን ተርሚናል አጥፍቼዋለሁ። ነገር ግን ፕሮግራሞች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ማዝን ውሰዱት። ሜኑ ላይ ማንም አይነካውም። ቢጠፋ ግን አንዲት የፊዚክስ ተማሪ ራይተር ላይ ፎርሙላ ላስገባ ስትል አታገኘውም። ስለዚህ ደበቅኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ደግሞም መደበቅ መቆለፍ አይደለም። የፕሮግራሙን ስም የሚያውቅ ሰው ስሙን ጽፎ ይከፍተዋል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ተርሚናሉን እንደዚያ ሲከፍት ይዤዋለሁ። አልተቆጣሁም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብረን ሠራን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለሱ ነው።

ንባብ ቤቱ አንድ ቋሚ ደንበኛ አለው። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ የሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ይመርጣሉ፤ ከመስኮቱ ብርሃን ስለሚያገኙ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት፣ ግን አይሳሳቱም። የአባላት ዝርዝር፣ የክፍያ መዝገብ፣ የስብሰባ ጥሪ ያዘጋጃሉ። ያን ሰሞን ደግሞ የዕድሩን መተዳደሪያ ደንብ በአዲስ መልክ እየጻፉ ነበር።

ሜኑውን ካሳጠርኩ በኋላ መጡ። ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አጥፈው ሄዱ። በሁለት ሳምንቱ ሲመጡ ኮምፒውተሩ ጋ አልሄዱም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በወረቀት ይጽፋሉ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እኔ መብራት እየጠፋ ስላስቸገራቸው መሰለኝ። አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ሄድኩ። ወረቀቱን አየሁት። እጅ ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ ነው። «አንቀጽ ፩» ይላል፣ ከሥሩ «አንቀጽ ፪»፣ ቁጥሮቹ በቀይ እስክርቢቶ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩን ተዉት እንዴ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ያ ፊደል የተደረደረበት ሳጥን ጠፋ ልጄ። አንድ ነገር ነካክቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ክው አልኩ።

የፊደል ሳጥን ያሉት ካራክተር ማፕን ነው። ሲስተሙ የሚያውቃቸው ፊደላት ሁሉ በየሳጥኑ ተደርድረው የሚታዩበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ደንብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው፤ ከነግዕዝ ቁጥሮቹ። 20 ናቸው፣ ከ፩ እስከ ፼። እሳቸው የገንዘቡን ሒሳብ በተለመደው ቁጥር ይጽፉታል። አንቀጹን ግን በግዕዝ ቁጥር ካልሆነ አይሆንም፤ የድሮው ደንብ እንደዚያ ነው የተጻፈው። የአማርኛ ኪቦርዱ ላይ ቁጥሮቹን የት እንደሚያገኟቸው ማንም አላሳያቸውም። እኔም አላሳየኋቸውም። ታዲያ ራሳቸው ፈልገው አገኙ። 83 ስም ያለበትን ያን የተዝረከረከ ሜኑ አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ እየዘጉ፣ ካራክተር ማፕ ላይ ደረሱ። ፩ን ነክተው ይቀዱታል፣ ራይተር ላይ ይለጥፉታል። ፪ን ነክተው ይቀዱታል።

እኔ ደግሞ «ይህን ማን ይከፍተዋል?» ብዬ ደበቅኩት።

ይህ ነገር ብዙ ቀን አሳሰበኝ። እስከዚያ ድረስ ሜኑውን ማሳጠር ማለት ለሌላው ማቅለል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚያች የ11ኛ ክፍል ተማሪ አቅልያለሁ፤ እውነት ነው። ለእሳቸው ግን አንድ በር ዘግቻለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ዝምታቸው ነው። ወጣቱ ነገር ሲጠፋበት «ጋሼ፣ የት ሄደ?» ብሎ ይጮኻል። ትልቅ ሰው ግን፣ በተለይ ኮምፒውተር በስተርጅና የለመደ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። የተማረውን ትቶ ወደ እስክርቢቶው ይመለሳል። ቅሬታ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ካራክተር ማፕን በዚያው ሰዓት መለስኩት። በሎካሉ ፎልደር ያለው ቅጂ ላይ ኖዲስፕሌይን አነሳሁና ስሙን በአማርኛ ጻፍኩት፦ «የፊደል ሳጥን»። ስሙን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሜኑው ላይ ሲያዩት ፈገግ አሉ። «እንዲህ ይባላል እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ አሁን እንዲህ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

ከዚያ የቀሩትን እንደ አዲስ አየሁ። ያን ጊዜ የቆረጥኩት በራሴ ዓይን ነበር። አሁን ግን ለአንድ ወር ምንም ሳልነካ ሰው እያየሁ ቆየሁ። ማን ምን ይከፍታል? የት ላይ ይቆማል? ምን ፈልጎ ያጣል? የማየው ነገር ከግምቴ ጋር አልገጠመም። ኢሜይል መክፈቻውን ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ማንም አልፈለገውም፤ ሁሉም በስልኩ ነው። ስክሪን ፎቶ ማንሻውን ግን ተማሪዎች በየቀኑ ይፈልጉት ነበር። እሱን ደብቄው ነበር።

ብዙ ጊዜ መደበቅ ሳይሆን ስም መቀየር ይበቃል። ፋይሉ ውስጥ ስም በየቋንቋው መጻፍ ይቻላል፤ ለአማርኛም ቦታ አለው። ራይተርን «ጽሑፍ መጻፊያ – ራይተር» አልኩት። የእንግሊዝኛ ስሙን አላጠፋሁም። ነገ መሥሪያ ቤት ሲገቡ በአማርኛ ስሙ ብቻ ቢያውቁት ይቸገራሉ። «ኪወርድስ» የሚባል መስመርም አለ፤ ሰው ሜኑው ላይ ባለው መፈለጊያ ሲጽፍ የሚገጥሙ ቃላት የሚቀመጡበት። እዚያ ላይ «ደብዳቤ»፣ «ማመልከቻ»፣ «ሲቪ» ብዬ ጨመርኩ። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ሳይቀይር በላቲን ፊደል «ደብዳቤ» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነው። እሱንም ጨመርኩ። አንዲት እናት ለልጃቸው የትምህርት ቤት ማመልከቻ ሊጽፉ መጥተው «ማመልከቻ» ብለው ጽፈው ራይተር ሲወጣላቸው አየሁ። ማንንም አልጠሩም። ጽፈው፣ አትመው፣ ሄዱ። ከዚያ የበለጠ ያስደሰተኝ ነገር የለም።

በጨዋታዎቹ ጉዳይ ከንባብ ቤቱ ኃላፊ ጋር ተከራክረናል። «እትዬ፣ ትንሽ ይቆይ» እላቸዋለሁ። «ልጁ ሊያነብ መጥቶ ካርታ ሲጫወት ይውላል» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ተማሪ እያለ ካርታ የሚጫወት አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ማውስ ይዞ የማያውቅ የ7 ዓመት ልጅ በታክስ ፔይንት ቀለም ሲቀባ እጁ እንዴት እንደሚፍታታ አይቻለሁ። በመጨረሻ ተስማማን። በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ ኮምፒውተሮች የልጆች ሆኑ። እነሱ ላይ ታክስ ፔይንት፣ ጂኮምፕሪ የሚባለው የልጆች መማሪያ ጨዋታና ቼዝ አሉ። የቀሩት ላይ ጨዋታ አይታይም። ሎካሉ ፎልደር በየማሽኑ ስለሆነ ለየብቻ ማድረግ አያስቸግርም።

አሁን ሜኑው 26 ስም አለው። ከ21ዱ ይበልጣል።

በሩ አጠገብ በገመድ አንድ ደብተር አንጠልጥያለሁ። ሽፋኑ ላይ «ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ጻፉ» ይላል። ስም አያስፈልግም። በአፉ ለመጠየቅ የሚያፍር በጽሑፍ ይጠይቃል ብዬ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ባዶ ነበር። ቀስ በቀስ መሙላት ጀመረ። «ፕሪንተር እምቢ አለ» የሚል ይበዛል። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት አዲስ መስመር አገኘሁ። አንዱ «ካልኩሌተር» ይላል። ካልኩሌተሩን መቼም ደብቄው አላውቅም። «አክሰሰሪስ» በሚል ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። አክሰሰሪስ ማለት እዚህ አገር የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ማን ካልኩሌተር እዚያ ይፈልጋል? ወደ ትምህርት ክፍሉ አዛወርኩት።

ሁለተኛው መስመር በእርሳስ ነው፣ በትልልቅ ፊደል፣ የልጅ እጅ። «ታይ ምንድን ነው?» ይላል።

የታይላንዱን ተርሚናል አጥፍቼዋለሁ ብያለሁ። ዞሬ ሁሉንም ፈተሽኩ። ከልጆቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ ሳላየው ቀርቷል። ጠቅ ሳደርገው ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ልጁም ይህንኑ ነው ያየው፤ ጥቁር መስኮትና አንድ የማያውቀው ስም። ላጠፋው እጄን ሰደድኩ። ተውኩት። ከመደርደሪያው ላይ አትላሱን አወረድኩ፣ እስያ ያለበትን ገጽ ገልጬ ወረቀት ሸጎጥኩበት፣ ከደብተሩ ሥር ካለችው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።